ታንታለሙን ማን ይለካው?

ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አራት ሆነን ከግቢያችን ተነሥተን በእግራችን ወደ ሜክሲኮ ሄድን። ሲኒማ የምንሄድ የመሰላቸው ጓደኞቻችን በር ላይ ተሳልቀውብን ነበር። የሄድንበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በባቡሩ ድልድይ አጠገብ ሞባይልና ራዲዮ የሚጠግን አንድ ሰው አለ፤ ከእርሱ ዘንድ የተቃጠለ የኮምፒዩተር ቦርድ ለመለመን ነበር።

ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አዳመጠን። «ይህ ቦርድ ከሞተ ቆይቷል፤ ምን ያደርግላችኋል?» አለን። በላዩ ላይ ካሉት ቢጫ ካፓሲተሮች ውስጥ ታንታለም የሚባል ብረት እንዳለ፣ በዚያም ብረት ውስጥ ምድር ሳትፈጠር ጀምሮ የያዙትን ጉልበት ሳይለቁ የኖሩ የአቶም ኒውክለሶች እንዳሉ ነገርነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እስከ መቼ ነው የሚቆዩት?» ሲል ጠየቀን። «እስከ ዛሬ ያወቀ የለም» አልነው። «እናንተስ ለክታችኋል?» አለ። መልስ አጣን። ሦስት ቢጫ ካፓሲተሮችን በወረንጦ ነቅሎ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠን፤ ሒሳብ ብንለው እንቢ አለ። «ስትለኩት መጥታችሁ ንገሩኝ፤ ሒሳቡ እርሱ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለዚያ ሰው መልስ ስላልነበረን ነው። ፊዚክስ እንማራለን ከምንለው መካከል ብዙዎቻችን ሌሎች የለኩትን ቁጥር ከሠንጠረዥ ላይ እየገለበጥን አራት ዓመት እንቆያለን፤ በገዛ እጃችን የአንድ ኒውክለስ ዕድሜ ሳንለካ ካባ ለብሰን ፎቶግራፍ እንነሣለን። ይህ ነገር መቅረት አለበት እንላለን። ለማስቀረትም የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ከሚነገረን እጅግ ያነሰ ነው።

የሕግና የንግድ ሥራ ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ የሚመስለውን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። በአቶም መካከል ያለው ኒውክለስ ጉልበት ሲጨመርበት ከመሬት ወደ ሰገነት እንደ ወጣ ሰው ይሆናል። በትምህርታችን ቋንቋ «የተነቃቃ ኒውክለስ» እንለዋለን። እዚያ ላይ ለዘለዓለም አይቀመጥም፤ ትርፉን ጉልበት ብዙ ጊዜ በጋማ ጨረር መልክ አውጥቶ ይወርዳል። አንዱ ለብቻው መቼ እንደሚወርድ ማንም ሊተነብይ አይችልም። ከብዙዎቹ መካከል ግማሾቹ እስኪወርዱ የሚፈጀው ጊዜ ግን ቁርጥ ያለ ነው፤ ይህን ግማሽ ዕድሜ እንለዋለን። ለአንዱ ዓይነት ኒውክለስ የሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ አይሞላም፤ ለባርየም 137 ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ ለቴክኒሺየም 99 ስድስት ሰዓት፤ ሀፍኒየም 178 ከተባለው ከባድ ኒውክለስ አንደኛው ሰገነት ላይ 31 ዓመት። የጠጋኙ ታንታለም ደግሞ ከዚህ ሁሉ አልፎ ሄዷል፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

እንዲህ ያለው ነገር መጀመሪያ የተገኘው በከባድ ኒውክለስ ላይ ነው። ኦቶ ሀን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1921 ከዩራኒየም በሚወለደው ፕሮታክቲኒየም ላይ ሲሠራ አንድ ዓይነት ኒውክለስ ሁለት ዕድሜ ይዞ አገኘው፤ አንደኛው በደቂቃ፣ ሁለተኛው በሰዓት የሚቆጠር። በዚያን ዘመን ኮምፒዩተር አልነበረም፤ አክስለሬተርም አልነበረም። የነበረው ኬሚስትሪ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያና ሰዓት ነው። ይህን የምንጽፈው «መሣሪያ የለንም» ሲባል እየሰማን ላደግን ተማሪዎች ነው።

አሁን ስለ አለካኩ እንናገር፤ ጣዕሙ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ዕድሜው በደቂቃና በሰዓት ከሆነ ቆጣሪና የእጅ ሰዓት ይበቃል፤ በየደቂቃው የሚመጣውን ጨረር ቆጥሮ፣ ነጥቡን በሎጋሪዝም ወረቀት ላይ አኑሮ፣ በነጥቦቹ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ነው። የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሲሆን ግን ሰዓት ተመልክቶ «አሁን!» ማለት አይቻልም። በዚህ ጊዜ የተፈጥሮን የራስዋን ምልክት እንጠቀማለን። ብዙ ኒውክለሶች ከላይኛው ሰገነት ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ መሬት በደረጃ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ሁለት ጨረሮች ተከታትለው ይወጣሉ። የመጀመሪያው ጨረር የታችኛው ደረጃ መወለዱን ያበሥራል፤ ሁለተኛው እንደ ዕድር ጥሩንባ ሞቱን ይለፍፋል። ሁለት ዲቴክተሮች ፊት ለፊት አቁሞ በልደቱና በጥሩንባው መካከል ያለውን ጊዜ በኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ሺህ ጊዜ፣ አሥር ሺህ ጊዜ መመዝገብ ነው። አጭሩ ብዙ ይሆናል፣ ረጅሙ ጥቂት፤ ዕድሜው ከዚያ ይነበባል።

የሰከንድ ቢሊዮንኛ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት የሚቸገር ሰው ብርሃንን ያስብ፤ ብርሃን በዚያ ጊዜ 30 ሳንቲሜትር ይሄዳል። ሀፍኒየም 176 የተባለው ከባድ ኒውክለስ በመጀመሪያው የተነቃቃ ደረጃው ላይ ያለው ግማሽ ዕድሜ 1.43 የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። ብርሃን በዚህ ጊዜ ከአንድ ክንድ ትንሽ ጎደል የሚል መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። ክንድ ለመለካት ደግሞ በአገራችን ማንም አያንስም።

ከዚህም ሲያጥር፣ ማለት ወደ ትሪሊዮንኛ ሲወርድ፣ ኤሌክትሮኒክሱ ይደክምና ርቀት ሰዓት ይሆናል። ከአክስለሬተር የወጣ ቅንጣት ስስ ቅጠል የመሰለ ብረት መትቶ የተነቃቃውን ኒውክለስ ያስፈነጥረዋል፤ ኒውክለሱ ከብርሃን ፍጥነት ጥቂት መቶኛ በሚሆን ፍጥነት ይበርና ሁለተኛ ብረት ላይ ተለጥፎ ይቆማል። እየበረረ ያወጣው ጨረርና ከቆመ በኋላ ያወጣው ጨረር አንድ ዓይነት ድምፅ የላቸውም፤ በሜክሲኮ አደባባይ ጥሩንባውን እየነፋ የሚያልፍ መኪና ሲቀርብና ሲርቅ ድምፁ እንደሚለያይ ያለ ነው። የሁለቱን ብረቶች ርቀት በሚሊሜትር መቶኛ እያሰፉ፣ በበረራ ላይ ስንቱ እንደወረደና ከቆመ በኋላ ስንቱ እንደወረደ ማመዛዘን ነው። ለዚህ አክስለሬተር ግድ ይላል። በአህጉራችን በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን አጠገብ አይቴምባ ላብስ በሚባለው ተቋም እንዲህ ላለ ምርምር የሚሆን ሳይክሎትሮንና የጋማ ዲቴክተሮች ስብስብ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ይኑረን አንልም። ኬፕታውን ሲሄድ ዲቴክተር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ተማሪ እንዳንልክ ግን እንጠንቀቅ እንላለን።

«ዕድሜውን ማወቅ ምን ያደርጋል?» ለሚል ጠያቂ፣ ዕድሜው የኒውክለሱን ቅርጽ ይናገራል። የሀፍኒየም 176 የመጀመሪያ ደረጃ አንድ ቅንጣት ብቻዋን ዘላ ብትወርድ ከሚገመተው ከ100 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ጨረሩን ይሰጣል። ምክንያቱ ቅንጣቶቹ በኅብረት መንቀሳቀሳቸው ነው፤ ኒውክለሱ እንደ ብርቱካን ክብ ሳይሆን እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ይሽከረከራል። ይህን አሳብ የመሠረቱት ኦጌ ቦር፣ ቤን ሞተልሰንና ጄምስ ሬይንዋተር እንደ ፈረንጆች በ1975 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። በዓይን ሊታይ የማይችልን ነገር ቅርጽ ሰዓት ይዞ ማወቅ እንዴት ያለ ነገር ነው! እኛ ይህን ስንማር ቀመሩ በሰሌዳ ላይ ተጻፈ፣ ገለበጥነው፣ ፈተና ላይ መለስነው፤ በዚያው አለቀ።

ታንታለሙን እንመልከት። በደቡብ ኢትዮጵያ በጉጂ ምድር ቀንጢቻ በሚባለው ስፍራ የታንታለም ማዕድን ለብዙ ዓመታት ሲቆፈርና ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል። በማናቸውም ታንታለም ውስጥ ከ10,000 አቶም አንዱ ወይም ትንሽ በለጥ የሚለው ታንታለም 180 ነው፤ ያውም የተነቃቃው ዓይነት። የነገሩ ግርምት እዚህ ላይ ነው። መሬት ላይ ያለው ታንታለም 180 በስምንት ሰዓት ገደማ ግማሹ ይጠፋል፤ ሰገነት ላይ ያለው ግን ሲወርድ ያየው ሰው እስከ ዛሬ የለም። ምክንያቱ መሰላል ማጣት ነው። ላይኛው ደረጃ የመሽከርከር መጠኑ 9 ነው፤ የታችኛው 1፤ በመካከላቸው ያለው የጉልበት ልዩነት ደግሞ ትንሽ። ያን ሁሉ ሽክርክሪት በዚያች ትንሽ ጉልበት አራግፎ መውረድ ለኒውክለሱ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖበታል። ስለዚህ በከዋክብት ዘመን የተሠራው ምድር ከተሠራች በኋላም እስከ ዛሬ ሰገነቱ ላይ ተቀምጧል። ጠጋኙ በሰጠን ካፓሲተር ውስጥ አንድ ሚሊግራም ታንታለም ቢኖር እንኳ 400 ትሪሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ኒውክለሶች አሉበት።

እንደ ፈረንጆች በ2023 በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ፣ ቀድሞ የወርቅ ማውጫ በነበረ ጉድጓድ 1,500 ሜትር ገደማ ከምድር በታች የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ17 ኪሎ በላይ ታንታለም በዲቴክተሮች መካከል አኑረው ለአንድ ዓመት አዳመጡ። አንድም ሲወርድ አላገኙም። ከዚያ የተገኘው ዕውቀት ግማሽ ዕድሜው በአንዳንዱ የመውረጃ መንገድ ከ10 ሚሊዮን ትሪሊዮን ዓመት በላይ መሆኑ ነው። የዓለሙ ሁሉ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ አንባቢ ራሱ ያካፍል። ግማሽ ዕድሜው ልክ ያን ያህል ቢሆን በአንድ ኪሎ ታንታለም ውስጥ በዓመት የሚወርዱት 28 ያህል ብቻ ናቸው። በወር ሁለት ሦስት! ይህን ለመስማት ዓለት ሥር መግባት ያስፈለገው ስለዚህ ነው። እኛም በግቢያችን እንለካዋለን ብለን አንዋሽም። የሚያሳዝነን ሌላ ነው፤ ማዕድኑ ከአገራችን በጆንያ ሲወጣ በውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ተማሪ ስንት ነው? ዋጋውን የሚያውቅ አይጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ በክርክር ማኅበራችንም ተነሥቷል። «ሕዝባችን ዳቦና መድኃኒት ሲፈልግ እናንተ ስለ ኒውክለስ ዕድሜ ታወራላችሁ» የሚል ነው። አሳቡን እናከብራለን፤ ተናጋሪውም ወዳጃችን ነው። ነገር ግን ከሜክሲኮ አደባባይ ትንሽ ወጣ ብሎ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሂድና ይመልከት።

በኒውክሌር ሕክምና ክፍል ለዕንቅርት ወይም ለአጥንት ሕመም ምርመራ በሽተኛው ደም ውስጥ የሚገባው ቴክኒሺየም 99 የተነቃቃ ኒውክለስ ነው። ስድስት ሰዓት መቆየቱ ነው መድኃኒት ያደረገው፤ አንድ ሰከንድ ቢሆን ከመርፌው ሳይወጣ ያልቅ ነበር፤ አንድ ዓመት ቢሆን በሽተኛው ጨረሩን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ሴግሬና ሲቦርግ እንደ ፈረንጆች በ1938 ሲያገኙት ሆስፒታል አላሰቡም። የሚወለደው ከሞሊብዲነም 99 ነው፤ የዚህ ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት ነው። አገራችን ሞሊብዲነሙን የሚያመርት ሬአክተር ስለሌላት በአውሮፕላን ይመጣል። አውሮፕላኑ ወይም የጉምሩኩ ወረቀት ሦስት ቀን ቢዘገይ ከግማሽ በላዩ በመንገድ ላይ አልቋል። ግማሹን በሽተኛ ነገ ና ማለት ነው። ከባሌ ወይም ከጎጃም ለመጣ ሰው «ነገ ና» ማለት የመኝታ ሒሳብ ነው፣ የእንጀራ ሒሳብ ነው፣ አንዳንድ ጊዜም ሳይመለስ መቅረት ነው። ይህን አስልቶ ትእዛዙን የሚያዝ፣ የመጣውን የሚለካ፣ የቀረውን የሚያከፋፍል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከየት ይመጣል? ከእኛ መካከል ካልሆነ ከየት?

የነቀርሳ ሕክምናውም እንዲሁ ነው። በዚያው ሆስፒታል በኮባልት 60 የሚሠራው የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ኮባልቱ በቤታ ወደ ኒኬል 60 ይለወጣል፤ ዕጢውን የሚመታው ጨረር የሚወጣው ግን ከተነቃቃው ኒኬል ነው፤ ኒኬሉ ሰገነቱ ላይ የሚቆየው የሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነው። የኮባልቱ የራሱ ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። ስለዚህ ምንጩ በየዓመቱ ከመቶ 12 ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ከአምስት ዓመት ሩብ በኋላ አንድ በሽተኛ ለዚያው መጠን ሁለት እጥፍ ጊዜ መሣሪያው ሥር መተኛት አለበት። ወረፋው ግን አያጥርም። በመተላለፊያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ የምትጠብቅ እናት የምትጠብቀው በከፊል የኮባልትን ግማሽ ዕድሜ ነው፤ ማንም አልነገራትም እንጂ። ወዳጃችን ይህን ካየ በኋላም ነገሩ የምሁራን ጨዋታ ነው የሚል ከሆነ እንከራከረው፤ ሻዩን እኛ እንከፍላለን።

ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። በምንማርበት ስፍራ፣ ስሙን አንጠራም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ አንድ የእንጨት ሣጥን አለ። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት የሶዲየም አዮዳይድ ዲቴክተሮች አሉ። በእርዳታ የመጡ ናቸው፤ የመጡበት ወረቀት አሁንም በላያቸው ላይ ተለጥፏል። የከፍተኛ ቮልቴጅ ሣጥናቸው አንድ ፊውዝ ተቃጥሎበት «እስኪጠገን» ተብሎ ተቀመጠ። እስኪጠገን ሦስት የተማሪ ትውልድ ተመረቀ። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ሁለቱ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው በመለካት የሚሠራ ነገር ጠይቀው ነበር። ሣጥኑ ንብረት ነው፣ ቢሰበርስ፣ ማን ይፈርማል ተባሉ። በመጨረሻ ከኢንተርኔት የወረደ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተሰጥቷቸው፣ በሌላ አገር የተለካ ቁጥር አስገብተው፣ ሌላ ቁጥር አውጥተው፣ ሁለቱ «በመልካም ሁኔታ ይስማማሉ» ብለው ጻፉ። ጥሩ ማርክም አገኙ። ስሌትን አንንቅም፤ ያለ ስሌት ልኬት ዕውር ነው። ነገር ግን ፊውዝ መቀየር ያልደፈረ እጅ ስለ ኒውክለስ መዋቅር መቶ ገጽ ሲጽፍ እኛው ራሳችን እናፍራለን። ኃጢአቱ የአንድ ሰው እንዳልሆነም እናውቃለን። ዕቃ ሲሰበር የሚጠየቅ አለ፤ ዕቃ ሳይከፈት ሲያረጅ የሚጠየቅ የለም፤ ስለዚህ ማንኛውም ብልህ ሠራተኛ ሣጥኑን ቆልፎ ይቀመጣል።

በአንጻሩ ስለ ኒውክሌር በመናገር ማንም አይቀድመንም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት አባል የሆነችው በተመሠረተበት በ1957 ነው፣ እንደ ፈረንጆች። በ1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስ ነው ብሎ የወሰነበትን ውሳኔ ቁጥር 1653 ካቀረቡት አገሮች በግንባር የነበረችው ኢትዮጵያ ናት። በዚያው ዓመት በተመረቀው በካዛንቺስ አጠገብ ባለው የአፍሪካ አዳራሽ ስንት ንግግር ተደርጓል! አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነጻ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ውል በ1996 ተፈርሞ በ2009 ጸንቷል። በ2025 ደግሞ መንግሥት ስለ ኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ከሩሲያ ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈራርሟል። በዚህ ሁሉ እንኮራለን። ታዲያ ማመንጫው ሲመጣ በበሩ ላይ ቆጣሪ ይዞ የሚቆመው ማን ነው? ንግግሩን ያሳመረው ዲፕሎማት አይደለም።

መለካት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዳይባል አንድ ምስክር እንጥራ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ የምድር መግነጢስ ወገብ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ስለሚያልፍ በያኔው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ። የተፈለገው ነገር ብዙ አልነበረም፤ ጸጥ ያለ ቤት፣ ጥሩ መሣሪያ፣ ጥሩ ሰዓት፣ በየቀኑ ሳይሰለች ወረቀቱን የሚቀይር ሰው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ ምድር መናወጥ መጥቶ መጀቴ ሲፈርስ የሚመዘግብ መሣሪያ በአገሩ ነበረ። እርሳቸውም በ1979 እንደ ፈረንጆች የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የምድር መናወጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ፤ መሐንዲሶች ዛሬም ይጠቅሱታል። ያን መዝገብ ያስገኘው በየማለዳው የተቀየረ ወረቀት ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ሣጥኑ ይከፈት። ፊውዙን እኛ እንገዛለን፤ ሜክሲኮ ይሸጣል፣ ጠጋኙም ያውቀዋል። በሶዲየም አዮዳይዱ የባርየም 137ን ሁለት ደቂቃ ተኩል አንድ ከሰዓት በኋላ መለካት ይቻላል፤ በብዙ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚሠራው ልምምድ ነው። ከሆስፒታሉ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ጋር ተስማምተን፣ የጨረራ መከላከያ ፈቃዱ በሚያዘው መሠረት፣ በሥራ ቀን መጨረሻ የቀረውን ቴክኒሺየም እነርሱ ባሉበት ለሁለት ቀን እንድንቆጥር ይፈቀድልን። ስድስት ሰዓቱን ራሳችን እናግኘው። እነርሱም ምናልባት ነገ የሚረዳቸውን ሰው ከመካከላችን ያገኙ ይሆናል።

ቀጥሎ ወደ ከባዱ ኒውክለስ። እዚህ ላይ ጥቂት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ አንደብቅም። ሶዲየም አዮዳይዱ ለሰከንድ ቢሊዮንኛ ዘገምተኛ ነው፤ ሁለት ፈጣን ዲቴክተሮች፣ ፕላስቲክ ቢሆኑም፣ መገዛት አለባቸው። ምንጩ ግን ሬአክተርም አክስለሬተርም አይፈልግም። ሉቴሺየም የሚባለው ብረት በተፈጥሮው ከመቶ 2.6 የሚሆን ሉቴሺየም 176 አለበት፤ ይህም በ37 ቢሊዮን ዓመት ግማሽ ዕድሜ ቀስ እያለ ወደ ተነቃቃ ሀፍኒየም 176 ይለወጣል። ከአንድ ግራም በሰከንድ የሚወጣው 50 ያህል ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ደካማ ስለሆነ በጓዳ ቢቀመጥ እንኳ የሚያስፈራ አይደለም። አሥር ግራም በሁለት ዲቴክተሮች መካከል አስቀምጦ፣ ሁለት ሦስት ሌሊት በተራ እያደሩ መቁጠር ነው። መብራት ቢጠፋ በማግስቱ መቀጠል ነው። ከዚያ ያን ከክንድ ጎደል የሚል የብርሃን መንገድ፣ ያን ሞላላ ኒውክለስ፣ በራሳችን ወረቀት ላይ እናየዋለን። ቁጥሩ 1.43 ባይሆንስ? 1.6 ቢመጣ? እጅግ ደስ ይለናል፤ ለምን እንደተሳሳትን ስንፈልግ የምንማረው ከአንድ ሴሚስተር ይበልጣል።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ቃል አለን። ለመመረቂያ ጽሑፍ ማርክ ሲሰጥ «ይስማማል» የሚለው ውጤት ብቻ አይታይ። ተበላሽቶ የተስተካከለ፣ ተለክቶ ያልተስማማ፣ ስሕተቱ በሐቅ የተጻፈ ሥራ እኩል ይቆጠር። አለበለዚያ ማንም ብልህ ተማሪ መለካትን አይመርጥም፤ እኛም ሥራ ፈላጊዎች ነንና አንፈርድበትም።

የሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ እናውቃለን፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማመልከቻችንን ይዘን በሩ ላይ እንቆማለን። አብሮን ሊሄድ የሚፈልግ በስምንት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ያግኘን። ሦስቱ ቢጫ ካፓሲተሮች በፖስታ ውስጥ ናቸው። ለጠጋኙ ስለ ታንታለሙ የምንነግረው እስካሁን ሳውዝ ዳኮታ ላይ የተለካውን ነው፤ ስለ ሀፍኒየሙ ግን ሌላ ቅዳሜ ይዘንለት የምንሄደው ወረቀት እንዲኖረን እንፈልጋለን።